መሬት የሚለቀቅበት አዋጅ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ለማለት የት ነው የሚኬደው?

ሕግ የምታውቁ፣ እባካችሁ መንገዱን አሳዩኝ። ደብረ ብርሃን ዳር፣ ባሶና ወራና ውስጥ፣ አባቴ ገብስና ባቄላ የሚዘሩበት መሬት ለልማት ይለቀቅ ተባለ። የይዞታ ደብተሩ፣ የማስለቀቂያ ትእዛዙና የካሳ ግምቱ እጃችን ላይ አሉ። ግምቱ በጣም ስላነሰ ቅሬታ አቀረብን፣ ውድቅ ሲሆን ይግባኝ አልን። ፍርድ ቤቱ ግን በአዋጁ መሠረት መጀመሪያ መሬቱን ያስረከባችሁበትን ማስረጃ አምጡ፣ አለዚያ ይግባኙ አይታይም አለን። ማሳው በዶዘር ከተገፋ በኋላ ምን እንደነበረበት በምን እናስረዳለን?

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው ጉዳዩን ለፍርድ ቤት አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት አለው ይላል። ስለዚህ ነጥቡ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥስ እንደሆነ ለሚመረምረው ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ይላክልን ብለን በጽሑፍ አመለከትን። ሕገ መንግሥት መተርጎም ሥልጣናችን አይደለም ተብሎ ተዘጋ። እኛ እኮ ላኩልን እንጂ ተርጉሙልን አላልንም!

ጎረቤቱ ሁሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሂዱ፣ ሕግ የሚሽረው እሱ ነው ይለናል። በእኛ አገር ግን በአንቀጽ 83 መሠረት የመጨረሻው ቃል የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት አጣሪ ጉባኤውን ይመራሉ እንጂ ፍርድ ቤቱ ብቻውን አይወስንም። አንቀጽ 84 ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወይም ባለጉዳዩ ሊያቀርበው እንደሚችል ይናገራል።

ታዲያ ይግባኙ በእንጥልጥል እያለ ራሳችን በቀጥታ ለአጣሪ ጉባኤው ማመልከት እንችላለን ወይስ መጀመሪያ የሕግ ስህተት እስከሚታይበት እስከ ሰበር ችሎት ድረስ መጨረስ አለብን?