የዊል ዳይሰን የ1919 ካርቱን፦ ትንቢት ነው ወይስ ስሌት?

የስዕል ወዳጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ስለ አውስትራሊያዊው ካርቱኒስት ዊል ዳይሰን የምታውቁ እስቲ እርዱኝ። በግንቦት 1919 ለንደን ውስጥ በዴይሊ ሄራልድ ጋዜጣ ያወጣው አንድ ካርቱን ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኛል። የፈረንሳይ፣ የአሜሪካ፣ የብሪታንያና የጣሊያን መሪዎች ክሌማንሶ፣ ዊልሰን፣ ሎይድ ጆርጅና ኦርላንዶ አንደኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ በኋላ ከተደረገው የቬርሳይ የሰላም ጉባኤ እየወጡ ነው፤ ክሌማንሶ የልጅ ለቅሶ የሰማ መስሎት ግራ ይገባዋል። ከምሰሶው ጀርባ አንድ ራቁቱን የሆነ ሕፃን ያለቅሳል፣ ከራሱ በላይ «የ1940 ምድብ» ተብሎ ተጽፏል። ፈረንሳይ ደግሞ በጀርመን እጅ የወደቀችው ልክ በ1940 ነው! ሰውዬው ዓመቱን እንዴት አወቀው?

ባለእርሳስ፦ ስሌት ነው። ፈረንሳይ ወታደር የምትመለምለው በዕድሜ ነበር፤ እያንዳንዱ ምድብ የሚጠራው ልጆቹ 20 ዓመት በሚሞላቸው ዓመት ነው። ስለዚህ የ1940 ምድብ ማለት ገና በ1920 የሚወለዱት ናቸው። በሰላም ውሉ ጀርመንን እንዲህ አንቃችሁ ከያዛችሁ እነዚህ ልጆች ጠመንጃ መሸከም ሲችሉ ሌላ ጦርነት ይጠብቃቸዋል ማለቱ ነው። በቃ፣ ዓይኑን ገልጦ አየ።

ታሪክ አንባቢ፦ ያየው ደግሞ ቢሮ ተቀምጦ አይደለም። ዳይሰን የአውስትራሊያ የመጀመሪያው ይፋዊ የጦር ሜዳ ሠዓሊ ነው፣ ከ1916 መጨረሻ ጀምሮ ከወታደሮቹ ጋር ግንባር ሲመላለስ በ1917 ሁለት ጊዜ ቆስሏል። ስዕሎቹ ላይ ባንዲራና ፉከራ አትፈልጉ። ድካም የጣለው፣ ጭቃ የጠገበ ካፖርት ውስጥ የተኮማተረ ወጣት ነው የምታገኙት።

ሰላማዊት፦ ሩቢን ማንም አላነሳትም፣ ይሄ ያናድደኛል። ሚስቱ ሩቢ ሊንዚ ራሷ ጎበዝ ሠዓሊ ነበረች፣ የታዋቂው አውስትራሊያዊ ሠዓሊ የኖርማን ሊንዚ እህት፤ በወንድሞቿ ስም መታወቅ ስላልፈለገች ስዕሎቿ ላይ «ሩቢ ሊንድ» ብላ ትፈርም ነበር። እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ያ የዓለም ወረርሽኝ በመጋቢት 1919 ገደላት፣ ገና 33 ዓመቷ ነበር። ካርቱኑ የወጣው ሁለት ወር ቆይቶ ነው። ቤት ውስጥ እናቷን ያጣች ትንሽ ሴት ልጅ ነበረችው። የሕፃኑ ለቅሶ ከፖለቲካ ስሌት ብቻ የመጣ አይመስለኝም።

የስዕል ወዳጅ፦ ስለ ሩቢ ጭራሽ አልሰማሁም ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ። እሱስ 1940ን አየ?

ታሪክ አንባቢ፦ አላየም። በጥር 1938 ለንደን ውስጥ አረፈ። የጦር ሜዳ ስዕሎቹን ለማየት ካንቤራ ያለው የአውስትራሊያ የጦርነት መታሰቢያ ድረ ገጽ ላይ ስሙን ፈልግ።