የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ራስ ምታትና የፊት እብጠት፦ ቀጠሮ መጠበቅ ይቻላል ወይ?

ጥያቄ፦ ከቱሉ ዲምቱ

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ሰባት ወር ሞልቷታል። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ክትትሏን የምታደርገው በአቅራቢያችን ባለው ጤና ጣቢያ ነው። ባለፈው ቀጠሮዋ የደም ግፊቷ 136 በ86 ሆኖ በመገኘቱ በሁለት ሳምንት እንድትመለስ ተነግሯታል። ከትናንት ጀምሮ ግን ግንባሯን ይዞ የማይለቅ ራስ ምታት አለባት፤ ዛሬ ጠዋት ስትነሣም ፊቷና ጣቶቿ አብጠው የጋብቻ ቀለበቷን ማውለቅ አቅቷታል። ሊያርሷት አስቀድመው ከገጠር የመጡት እናቷ «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጨምቀው ሰጥተዋታል፤ እብጠቱም ጨው ብትቀንስ እንደሚጠፋ ይናገራሉ። ቀጠሮዋ የሚቀጥለው ሳምንት ስለሆነ እስከዚያ ብንጠብቅ ችግር ይኖረዋል?

ሌሎች ትንንሽ ጥያቄዎችም አሉኝ። የአይረን ክኒኑ ሆዷን ስለሚያውካት ትታዋለች፤ አሁን ደግሞ ፍልሰታን እየጾመች ነው። የመጨረሻ የወር አበባዋ የታየው ጥር 3 ስለነበር እኔ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ብዬ ስቆጥር መውለጃዋ ጥቅምት 13 ይመጣል፤ ካርዷ ላይ ግን ጥቅምት 8 ተብሎ ተጽፏል። ትክክሉ የትኛው ነው?

መልስ፦ ከአቃቂ፣ አዋላጅ ነርስ

ወንድማችን፣ ሌላውን ለጊዜው ይተዉትና ባለቤትዎን ዛሬውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዷቸው። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚመጣ የማይለቅ ራስ ምታት፣ በተለይ ከፊትና ከእጅ እብጠት ጋር ሲሆን፣ በቅድሚያ ሊጠረጠር የሚገባው የእርግዝና ደም ግፊት ነው። በሁለት ልኬቶች የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 ከደረሰ ግፊት አለ ይባላል፤ በዚያ ላይ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከተገኘ ሕመሙ ኩላሊትንም እንደ ነካ ያመለክታል። የላይኛው 160 ወይም የታችኛው 110 ከሆነ ወዲያው መድኃኒት የሚያስፈልገው ከባድ ግፊት ነው። 136 በ86 ከእነዚህ ቁጥሮች በታች ቢሆንም ከተለካ ቀናት አልፈዋል፤ ይህ ሕመም ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ሊባባስ ይችላል።

የዓይን ብዥታ ወይም ብልጭታ፣ በቀኝ ጎድን ሥር ወይም እንብርት በላይ የሚሰማ ጠንካራ ሕመም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የሽንት መቀነስ ካለ ደግሞ አንድ ሰዓትም አይጠበቅም። ሕክምና ካላገኘ እናቲቱን እስከ ማንቀጥቀጥ ያደርሳል፤ በነፍሰ ጡርና በአራስ ላይ ታይቶ በየሰፈሩ «ጋኔን ነው» ተብሎ ጠበል የሚፈለግለት መንቀጥቀጥ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ጨውን በተመለከተ፣ የሕመሙ መነሻ የእንግዴ ልጁ የደም ሥሮች በሚገባ ሳይሠሩ መቅረታቸው እንጂ የወጥ ጨው አይደለም፤ ስለዚህ ጨው መቀነስ አያድነውም። ዳማከሴውም ቢሆን አማትዎን የሚያስወቅስ ነገር አይደለም፤ ጉዳቱ «እስቲ ትንሽ እንየው» እያስባለ ሰዓት ማባከኑ ነው። ፓራሲታሞል መውሰድ ይቻላል፣ ሕመሙ ጋብ ማለቱ ግን ግፊቱ ወርዷል ማለት ስላልሆነ ከመለካት አያስቀርም። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን በዚህ ወር አይወሰዱም።

መልስ፦ ከሱሉልታ

ነፍሰ ጡሮችን ከሚገባ በላይ ባናስደነግጥ መልካም ነው። እኔም ሁለት ጊዜ ስወልድ እግሬ እስከ ጉልበቴ አብጦ ነበር፤ ምንም አልተገኘብኝም። ራስ ምታት በጾምና በእንቅልፍ ማጣትም ይመጣል።

መልስ፦ ከአቃቂ፣ አዋላጅ ነርስ

እህቴ ያሉት እውነት ነው። አመሻሽ ላይ የሚያብጥና ጋደም ሲሉ የሚቀንስ የእግር እብጠት በአብዛኞቹ ነፍሰ ጡሮች ላይ ይታያል። በጾም የሚመጣ ራስ ምታትም አለ። ይሁን እንጂ የትኛው የትኛው እንደሆነ ቤት ተቀምጦ የሚለይበት መንገድ የለም፤ የሚለየው የግፊት መለኪያና የሽንት ምርመራ ብቻ ነው፣ እርሱም ቢበዛ ግማሽ ቀን ነው የሚወስደው።

መልስ፦ ከለገጣፎ

ስለ መለካቱ አንድ ነገር ልጨምር። ደረጃ ወጥታ እንደ ደረሰች ወዲያው የተለካች ሴት ቁጥሯ ከፍ ሊል ስለሚችል አምስት ደቂቃ ያህል ዐረፍ ትበል፤ ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን ሳታነባብር፣ ክንዷን በልቧ ትይዩ አሳርፋ፣ ሳትናገር ትለካ። ሽንቷን አስቀድማ ብትሸና ጥሩ ነው። ከፋርማሲ የሚገዛው የእጅ አንጓ መለኪያ ግን እምብዛም አያስተማምንም፤ በላይኛው ክንድ ላይ የሚታሰረው ይሻላል።

መልስ፦ ከገላን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ

ክረምቱ መንገዱን ስላበላሸው ሲመሽ ታክሲ ፍለጋ እንዳትንከራተቱ ከአሁኑ ዝግጁ ሁኑ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ደግሞ በ939 ይገኛሉ። የክትትል ካርዷን፣ የደም ዓይነቷ የተጻፈበትን የላብራቶሪ ወረቀት፣ ለአንድ ሌሊት የሚሆን ልብስና ደም ሊለግስ የሚችል ዘመድ ስልክ ያዙ። ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታል ከላካችሁ ለእናንተ የሚቀርበው ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው፤ ራሷን ብትስት ወይም ብትንቀጠቀጥ ግን ሪፈር ወረቀት ፍለጋ ሳትዞሩ በቀጥታ ሂዱ። በመንግሥት ጤና ተቋማት የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ የሚሰጥ ስለሆነ ገንዘብ ይዛችሁ እስክትመጡ የሚያስጠብቅ ምክንያት የለም።

ጠያቂው እንደገና

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከሰዓት ወስደናት 152 በ100 ሆነ፤ ሽንቷ ውስጥም ፕሮቲን ስለተገኘ በአምቡላንስ ወደ ሆስፒታል ተልካ ተኝታለች። በደም ሥሯ አንድ መርፌ ሲሰጣት መላ ሰውነቷን እንዳቃጠላት ተናግራለች፤ በጡንቻዋ ደግሞ ለሕፃኑ ሳንባ የሚሆን ነው ተብሎ ሌላ ተወግታለች። ሐኪሞቹ ሥራ ስለበዛባቸው ብዙ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

መልስ፦ ከአቃቂ፣ አዋላጅ ነርስ

እንኳን ደረሳችሁ። ያቃጠላቸው ማግኒዥየም ሰልፌት ሳይሆን አይቀርም፤ መንቀጥቀጥን የሚከላከል መድኃኒት ሲሆን የሙቀት ስሜቱ የሚጠበቅ ነው። መጠኑ በዝቶ እንዳይጎዳቸው ነርሶቹ ትንፋሻቸውን፣ የሽንታቸውን መጠንና ጉልበታቸው ሲመታ የሚሰጠውን ምላሽ በየሰዓቱ ይከታተላሉና ደጋግመው ሲመጡ አይጨነቁ። የሳንባው መርፌ ዴክሳሜታዞን ወይም መሰሉ ነው፤ ከ34ኛው ሳምንት በፊት መውለድ ሊመጣ ይችላል ተብሎ ሲታሰብ የሕፃኑ ሳንባ ቶሎ እንዲጠነክር ይሰጣል። ይህ ማለት የግድ ነገ ይወልዳሉ ማለት አይደለም። የሕመሙ መጨረሻ መድኃኒት ሕፃኑና የእንግዴ ልጁ መውጣታቸው ነው፤ ሆኖም ግፊቱ በክኒን ከተያዘና ሕፃኑ ደኅና ከሆነ ሐኪሞቹ ሳምንታት ለማትረፍ ይሞክራሉ። መጠየቅን አይፍሩ፤ «ግፊቷ ዛሬ ስንት ነው? የሕፃኑስ የልብ ምት?» ማለት መብትዎ ነው። ሕፃኑ ከወትሮው ያነሰ ከተንቀሳቀሰ ባለቤትዎ ሳይውሉ ሳያድሩ ለተረኛዋ ይናገሩ።

አሁን ወደ ቀሩት ጥያቄዎች ልመለስ። የኢትዮጵያ ወር 30 ቀን ስለሆነ የእርስዎ ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን በትክክል 280 ቀን ይሰጣል፤ ነገር ግን የባለቤትዎ እርግዝና ጳጉሜን ስለሚያቋርጥ አምስቷ ቀን ከዐሥሩ ላይ ትነሣለች። ከጥር 3 ዘጠኝ ወር ተቆጥሮ ጥቅምት 3፣ አምስት ቀን ሲጨመር ጥቅምት 8 ይሆናል፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው ትክክል ነው። ጳጉሜ ስድስት በምትሆንበት ዓመት የሚጨመረው አራት ነው። ይህን ማጥራቱ ጥቅም አለው፤ ሐኪሞች ስለ ማዋለድ ሲወስኑ የሳምንቱ ቁጥር ሁሉንም ይለውጣል።

አይረኑን እንደገና መቼ እንደሚጀምሩ በሆስፒታሉ ይጠይቁ። ሲጀምሩም ከእራት በኋላ ወደ መኝታ ሲሉ ቢወስዱት ማቅለሽለሹ ይቀንሳል፤ ብርቱካን ወይም ሎሚ ይረዳዋል፣ ቡናና ሻይ ግን አይረኑ ወደ ደም እንዳይገባ ስለሚከለክሉ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቁት። ሰገራ መጥቆሩ አያስደነግጥም። ጾሙን በተመለከተ፣ ለነፍሰ ጡርና ለታመመ ሰው የንስሐ አባት እንደሚፈቅዱ የታወቀ ነውና እርሳቸውን ያነጋግሩ፤ በአሁኑ ሁኔታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል በሕክምና በኩል አይመከርም።

መልስ፦ ከለገጣፎ

ከወሊድ በኋላስ ያበቃል? የእኔ ራስ ምታት የጀመረኝ በአራስነቴ ነበር፤ ገንፎው እየተገነፋ፣ ጠያቂው እየገባ፣ ማንም ልብ አላለኝም።

መልስ፦ ከአቃቂ፣ አዋላጅ ነርስ

አያበቃም። ግፊቱ ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት እንደገና ሊወጣ ይችላል፤ በእርግዝናው ሁሉ ደኅና በነበረች ሴት ላይም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ አዲስ ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ከሆስፒታል ሲወጡ ክኒኑን በራስዎ ውሳኔ እንዳያቋርጡ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ግፊቱ ደጋግሞ እንዲለካ፣ ሕፃኑ በ45ኛው ቀን ለክትባት ሲሄድም እናቲቱ አብራ እንድትለካ ያድርጉ። ለሚቀጥለው እርግዝና ደግሞ ከ12ኛው ሳምንት በፊት ክትትል ይጀምሩና ይህ ታሪክ ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ያስደርጉ፤ ከ20ኛው ሳምንት በፊት የሚጀመር በቀን 75 ሚሊግራም አስፒሪን ሕመሙ የመመለሱን ዕድል ስለሚቀንስ ሐኪሙ ሊያዝዝላቸው ይችላል።