ያለ ቢዝነስ ዲግሪ ኤምቢኤ ማመልከት

ከሲልቨር ስፕሪንግ
ሰላም ለቤቱ። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ባዮሎጂ ነው፣ አገር ቤት የተማርኩት። አሁን ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ፤ ግሪን ካርድ አለኝ። በሚቀጥለው ዓመት ኤምቢኤ (የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ) ለማመልከት አስቤያለሁ፤ ግን አካውንቲንግ በዞረበት ዞሬ አላውቅም። ከየት ልጀምር?

ከአትላንታ
እህቴ፣ ባዮሎጂው አያሳስብሽ። አካውንቲንጉም ፋይናንሱም በመጀመሪያው ዓመት ከሀ ተነስቶ ይሰጣል። ማመልከቻሽን የሚያዩት ገምጋሚዎች ማወቅ የሚፈልጉት ቁጥር የበዛበትን ትምህርት መቻልሽን ነው። ትራንስክሪፕትሽ ላይ ካልኩለስና ስታትስቲክስ በጥሩ ውጤት ካሉ ብዙ አይቀርሽም። ከሌሉ ወይም ሲ ከሆኑ፣ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ቅርብሽ ነውና ስታትስቲክስና ፋይናንሻል አካውንቲንግ በማታ ውሰጂ። ስትመዘገቢ "አልፏል/ወድቋል" የሚለውን አትምረጪ፤ የሚታየው ኤ ወይም ቢ የሚለው ፊደል ነው። ሰርተፍኬት ብቻ የሚሰጡ አጫጭር የኦንላይን ኮርሶች ይህን ቦታ አይተኩም።

የመግቢያ ፈተናውን በተመለከተ፣ ጂማት ወይም ጂአርኢ ከሚባሉት አንዱን ነው የምትመርጪው። ጂማት ሦስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ በጠቅላላው 64 ጥያቄ፣ ነጥቡ ከ205 እስከ 805። የሒሳቡ ክፍል 21 ጥያቄ ሲሆን ካልኩሌተር አይፈቀድም፤ ጂኦሜትሪ ግን ወጥቷል። ጂአርኢ 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነው፤ ካልኩሌተር ስክሪኑ ላይ አለ፣ ጂኦሜትሪም አለ፣ የእንግሊዝኛ ቃላቱ ግን ይከብዳል። የሁለቱንም ነፃ የሙከራ ፈተና ሰዓት ይዘሽ ሥሪና የተሻለ ያመጣሽበትን ያዢ። የኛ ልጆች ጂማት ላይ የሚወድቁት ሒሳብ ስለማያውቁ ሳይሆን አንድ ጥያቄ ላይ አምስት ደቂቃ ስለሚቆዩ ነው። ያልተመለሰ ጥያቄ ነጥብ ይቀንሳል፤ ሰዓት ካለቀብሽ ገምተሽም ቢሆን ሙዪው።

ከዳላስ
በላይኛው ሁሉ እስማማለሁ፤ እኔ ግን ከፈተናው በፊት የአገር ቤት የትምህርት ማስረጃሽን አስጀምሪ እላለሁ። እጅሽ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒ ከሆነ ለማመልከት ብዙ ቦታ ይበቃል፤ ከተቀበሉሽ በኋላ ግን ሬጅስትራሩ አሽጎ በቀጥታ የሚልከው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ይጠየቃል። ኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) ያልተከፈለ ከሆነ እዚያ ላይ ይቆማል። አገር ቤት የሚያስፈጽምልሽ ሰው ውክልና ያስፈልገዋል፤ እሱም ከኤምባሲው ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይና ሰነዶች ማረጋገጫ አልፎ ነው ሥራ ላይ የሚውለው። ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ስምሽንም አስተያዪ። ዲግሪው ላይ "ፀ" በቲኤስ፣ ፓስፖርቱ ላይ በኤስ ብቻ ከተጻፈ፣ ወይም የአያት ስም አንዱ ላይ ካለ ሌላው ላይ ከሌለ፣ ማስረጃሽን የሚገመግመው ድርጅት ፋይሉን ያዘገየዋል። ለፈተና ስትመዘገቢ ደግሞ ስምሽ ከመታወቂያሽ ጋር ፊደል በፊደል አንድ መሆን አለበት፤ ካልሆነ ከበር ይመልሱሻል።

ጂፒኤሽን በራስሽ አትቀይሪ፤ ከ4.00 ስንት እንደሆነ ብቻ ጻፊ። ዲግሪሽ የሦስት ዓመት ከሆነ ትምህርት ቤቱ ይቀበል እንደሆነ የማመልከቻ ክፍያ ከመክፈልሽ በፊት በኢሜይል ጠይቂ፣ መልሱንም አስቀምጪ። ቶፍልን (የእንግሊዝኛ ቋንቋ ፈተናውን) ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የተማርሽበት ቋንቋ እንግሊዝኛ ከሆነ ይተዉልሻል፤ ይህን የሚል ደብዳቤ ከሬጅስትራሩ ከትራንስክሪፕቱ ጋር አብረሽ አስወጪ።

ከሲያትል
የድጋፍ ደብዳቤ ላይ ብዙ ሰው ይበላሻል። አገር ቤት የለመድነው ማኅተም ያለበት "ታታሪ፣ ታማኝ፣ ትሁት ሠራተኛ ናት" የሚል ወረቀት እዚህ ዋጋ የለውም። አለቃሽ በተላከለት ሊንክ ገብቶ፣ መቼ ምን ችግር ገጥሞ አንቺ ምን እንዳደረግሽ መጻፍ አለበት። "አንቺ ጻፊውና እኔ ልፈርም" ካለሽ እምቢ በይ፤ ትምህርት ቤቶቹ በግልጽ ይከለክላሉ። ያደረግሻቸውን አራት አምስት ነገሮች ዘርዝረሽ ማስታወሻ መስጠት ግን ነውር አይደለም። ፕሮፌሰር አትምረጪ፤ ሥራሽን በዓይኑ ያየ ሰው ይሻላል።

ረዙሜው አንድ ገጽ ይሁን። "የደም ናሙና እመረምራለሁ" የሚለውን ላብራቶሪ የሠራ ሰው ሁሉ ይጽፈዋል። "በማታ ፈረቃ አራት ሰው አስተባብራለሁ፤ የድንገተኛ ክፍል ውጤት ይወስድ የነበረውን 90 ደቂቃ ወደ 60 አወረድን" ብትዪ ግን ያው ሥራ ማኔጅመንት ሆኖ ይነበባል። ቁጥሩ እውነተኛ ይሁን፤ ኢንተርቪው ላይ እንዴት እንዳወረዳችሁት ይጠይቁሻል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ገንዘቡስ?

ከአትላንታ
ጊዜው ወሳኝ ነው። አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች የመጀመሪያውን ዙር ሴፕቴምበር፣ ሁለተኛውን ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ይዘጋሉ። ስኮላርሺፕ ከፈለግሽ ሦስተኛውን ዙር እርሺው፤ ያን ጊዜ ገንዘቡም ወንበሩም ተበልቷል። ዘ ኮንሰርቲየም የሚባለውን የቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ኅብረት እዪ፤ ዜጎችና ግሪን ካርድ ያላቸው በአንድ ማመልከቻ እስከ ስድስት ትምህርት ቤት ያመለክታሉ፣ ሙሉ የትምህርት ክፍያ የሚሸፍን ፌሎሺፕም አለው።

ከዳላስ
ብድሩ ተቀይሯል፣ አስተውሉ። ግራድ ፕላስ የሚባለው የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ የለም። የኤምቢኤ ተማሪ ከመንግሥት የሚያገኘው በዓመት እስከ 20,500፣ በጠቅላላ እስከ 100,000 ዶላር ነው፤ ትልልቆቹ የግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከነኑሮው ለሁለት ዓመት ከ200,000 በላይ ይጠይቃሉ። ልዩነቱ ከግል ባንክ ነው የሚመጣው፣ ወለዱም ከበድ ይላል። ቲፒኤስ (ጊዜያዊ የጥበቃ ፈቃድ) ብቻ ያላችሁ የፌዴራሉን ብድር አታገኙም።

ሥራሽን ሳትለቂ በማታ መማር ከቻልሽ የመሥሪያ ቤትሽን ኤችአር (የሰው ኃይል ክፍል) ጠይቂ። አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ ለትምህርት ሊከፍልልሽ ይችላል፤ ብዙ ሆስፒታሎችም ያደርጉታል። ውሉን ግን እስከ መጨረሻው አንብቢ፤ ብዙ ቦታ የሚከፍሉት ቢና ከዚያ በላይ ስታመጪ ነው፣ ቃል የገባሽውን ጊዜ ሳትጨርሺ ከለቀቅሽም ያስመልሱሻል።