በፍግ የተዘራው ስንዴ ቢጫ ሆነ፤ አሁን ምን ልጨምርለት?

ማሳው ግማሽ ሄክታር ነው፤ ሰው ሠራሽ ማዳበሪያ አይገባበትም። ግማሹ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ ግማሹ ጭድ የበዛበት ያልበሰለ የከብት ፍግ፣ እያንዳንዱ 25 ኩንታል አግኝቷል። ሁለቱም ላይ ከፊሉ በ20 ሳንቲ ሜትር ርቀት በመስመር፣ ከፊሉ በብተና ተዘራ። ፍጉ በመስመሩ ላይ የገባው ከዘሩ ጋር እዚያው ቦይ ውስጥ ነው (ስህተቱ እዚህ ይመስለኛል)።

ኮምፖስት ያገኘው ደህና ነው፤ በመስመር የተዘራው ደግሞ ለማረም ቀሏል። ፍግ የገባበት ግን በ5ኛው ሳምንት ከታችኛው ቅጠል ጀምሮ ቢጫ ሆነ፣ ማቆጥቆጡም ቀነሰ። በመስመሩ ላይ ቡቃያው እዚህም እዚያም ሳስቷል፤ በብተናው ግን እኩል በቅሏል። አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ስለሆነ የናይትሮጅን እጥረት ነው እላለሁ፦ ጭዱን የሚያበሰብሱት ደቂቅ ህዋሳት ናይትሮጅኑን ቀድመው ይዘውታል።

ኮተኮትኩ፤ 5 ኩንታል ኮምፖስትም ከላይ በተንኩ። አፈሩ ደረቅ ስለነበር ይመስለኛል፣ በሁለት ሳምንት ለውጥ የለም። አሁን ዝናብ ጀምሯል፣ ስንዴውም አገዳ ሊያወጣ ነው። በእጄ ያለው 4 ኩንታል በደንብ የበሰለ የዶሮ ፍግ ብቻ ነው።

ይህን በመስመሮቹ መሃል ጨምሬ ብኮተኩተው ለዘንድሮው ምርት ይደርሳል ወይስ ጊዜው አልፏል?