ክርክር፦ ተማሪ ያገለገለ ዴስክቶፕ ይግዛ ወይስ አዲስ?

የሦስተኛ ዓመቷ
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር ላከራክራችሁ። ሲቪል ምህንድስና ነው የምማረው። ቤት ያለው ዴስክቶፕ ከታላቅ ወንድሜ የወረስኩት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5፣ 4ኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ)፣ 8 ጊጋ ራም፣ ሃርድ ዲስክ። ማታ አብርቼው ፊቴን ታጥቤ ስመለስ ያቺ ክብ ነገር ገና እየዞረች ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ኦቶካድ (የፕላን መሥሪያው ፕሮግራም) ላይ የወለል ፕላን እየሠራሁ ቀጥ አለ። የሁለት ሰዓት ሥራዬ ዓይኔ እያየ ሄደ። («ሴቭ ማድረግ ነበረብሽ» የምትሉኝ ካላችሁ፣ አውቃለሁ፣ ተዉኝ።) ዊንዶውስ 11 ልጫን ስል ደግሞ መስፈርቱን አያሟላም አለኝ።
ያጠራቀምኩት ገንዘብ የደህና አዲስ ዴስክቶፕ ግማሽ ቢሆን ነው። ሞኒተር፣ ኪቦርድና ማውስ አለኝ። ቤተሰብ «ያገለገለ መግዛት የሰው ችግር መግዛት ነው» ይላል። የክፍል ጓደኞቼ ደግሞ ተቃራኒውን። እናንተስ?

ብሎን ፈቺው
እህቴ፣ ቤተሰብሽን አክብሪ፣ በዚህ ነገር ግን አትስሚያቸው። ድርጅቶች ዴስክቶፕ የሚቀይሩት ሁሌ ስለተበላሸ አይደለም። ዋስትናው ሲያልቅ ወይም የኪራይ ዘመኑ ሲሞላ የአንድ ፎቅ ማሽን በአንድ ቀን ይወጣል። ዕድሜውን ሙሉ ኢሜይልና ኤክሴል እንጂ ሌላ ያላየ ማሽን ነው። ፕሮሰሰር ደግሞ እንደ ጫማ አያልቅም።
የምትፈልጊው አይ5-8500 ያለው ነው፤ 8ኛ ጄኔሬሽን። 6 ኮር (ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያሉ ሠራተኞች በያቸው)፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሚቀበለው፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጀምሮ ነው። ከዚያ በታች ያለውን በነፃ ካልሰጡሽ እንዳትነኪ። 16 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ (የሃርድ ዲስክ ፈጣን ምትክ)፣ አለቀ።

ዋስትና ወዳድ
የሚያልቀው ገንዘቧ ነው። እኔ እንዳንተ ያለ መካሪ ሰምቼ ያገለገለ የቢሮ ማሽን ገዛሁ። አሥራ ሁለት ቀን ሠራ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ቁልፉን ስጫን ፋኑ አንዴ እፍ አለና ዝም። ፓወር ሰፕላዩ ነው ተባለ። እሺ ልቀይር ብል ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያ የፋብሪካው የራሱ ነው፤ ገበያ ላይ የሞላውን ባለ 24 ፒን አይቀበልም። ሻጩ ጋ ስሄድ «ከዚህ ሲወጣ ይሠራ ነበር» አለኝ። እሱማ ዳይኖሰርም ይራመድ ነበር።
ፕሮሰሰር አያልቅም፣ ልክ ነህ። ዙሪያውን ያለው ግን ያልቃል፤ ፓወር ሰፕላዩ፣ ፋኑ፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ትንሽ ጣሳ መሳይ ካፓሲተር። ተማሪ ደግሞ መጠባበቂያ ማሽን የለውም። የፈተና ሳምንት ከሞተበት ሞተበት። ኤን100 የሚባል ፕሮሰሰር ያላቸው አዳዲስ ሚኒ ፒሲዎች አሉ። መዳፍ የምታክል ሳጥን ናት። ድምፅዋ አይሰማም፣ ዊንዶውስ 11 ትቀበላለች፣ ዋስትና አላት። ሌላ ምን ትፈልጋለች?

ላፕቶፕ በቦርሳ
ቆይ፣ ለምን ዴስክቶፕ? ተማሪ እኮ ናት። ላይብረሪ አለ፣ ግሩፕ ወርክ አለ፣ ፕረዘንቴሽን አለ።

የሦስተኛ ዓመቷ
ለሱ የትምህርት ቤቱ ላብ ይበቃኛል። ሥዕል የምሠራው ማታ፣ ቤት ቁጭ ብዬ ነው። ሞኒተሬም አሮጌ ቢሆን ትልቅ ነው። በዚህ ገንዘብ የሚገኙትን ላፕቶፖች አይቻለሁ፤ ባይነሱ ይሻላል።

ብሎን ፈቺው
ደግሞ የላፕቶፕ አይ5 እና የዴስክቶፕ አይ5 ሞክሼዎች እንጂ ወንድማማቾች አይደሉም። አይ5-8250ዩ የሚባለው የላፕቶፑ 4 ኮር፣ 15 ዋት ነው። የዴስክቶፑ 8500 6 ኮር፣ 65 ዋት። ሻጭ «ያው አይ5 ነው» ካለሽ ፈገግ በይና እለፊ።
ዋስትና ወዳድ፣ የፓወር ሰፕላዩ ነገር እውነት ነው፣ አልከራከርህም። ኤን100 ግን በ6 ዋት እንዲኖር የተሠራ፣ 4 ትንንሽ ኮር ያለው ፕሮሰሰር ነው። ራሙንም በአንድ ቻናል (መተላለፊያ) ብቻ ነው የሚጠቀመው። ለፊልምና ለዎርድ እሰይ። ለሲቪል ተማሪ ግን በብስክሌት ሲሚንቶ አመላልሺ እንደማለት ነው።

የላብ መምህሩ
ልጆች፣ ይቅርታ፣ ልግባ። «6 ኮር፣ 6 ኮር» እያላችሁ አትፎክሩ። ኦቶካድ የወለል ፕላን ሲያሠራችሁ አብዛኛውን ሥራ የሚያስኬደው በአንድ ኮር ነው። የተማሪዋ አሮጌ ማሽን አይ5-4570 ከሆነ እስከ 3.6 ጊጋኸርዝ (በሰከንድ 3.6 ቢሊዮን ምት) ይወጣል። 8500 እስከ 4.1፣ ኤን100 እስከ 3.4። ጊጋኸርዝ ብቻውን ሁሉን አይናገርም፤ የአዲሱ ትውልድ ኮር በአንድ ምት የሚሠራው ይበልጣል። ቢሆንም ፊት ታጥቦ እስኪመጣ የሚያስጠብቅ ልዩነት አይደለም። እኔ ፕሮሰሰሩን አልጠረጥርም። ልጄ፣ ሲያንቀራፍፍሽ ፊት ለፊት ያለችው የዲስክ መብራት ምን ትላለች?

የሦስተኛ ዓመቷ
ጋሼ፣ ጭራሽ አትጠፋም። ድምፅም አለው። በር የሚቧጭር ድመት ይመስላል።

የላብ መምህሩ
በይ አገኘነው። ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚዞር ሳህንና እንደ ክንድ የሚወዛወዝ መርፌ አለ። አንድ ቁራጭ ዳታ ለማግኘት ክንዱ ቦታው ድረስ መሄድ፣ ሳህኑም እስኪዞርለት መጠበቅ አለበት። ይህ በአማካይ ከ10 ሚሊሰከንድ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ በሰከንድ መቶ ያህል ፍለጋ ቢያደርግ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚጠይቀው ደግሞ በሺዎች የሚቆጠር ትንንሽ ፋይል ነው። የምትሰሚው መቧጨር ክንዱ ከፋይል ፋይል ሲሯሯጥ ነው። ኤስኤስዲ ክንድም ሳህንም የለውም። ተራ የሚባለው እንኳ በሰከንድ አሥር ሺዎች ፍለጋ ይመልሳል።
ሰው ሁሌ የሚያወራው ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ያለውን ፍጥነት ነው፤ ሃርድ ዲስክ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት በሰከንድ፣ ሳታ ኤስኤስዲ (እንደ ሃርድ ዲስኩ በኬብል የሚሰካው) 550 ገደማ። በዚህ ቢለካ ልዩነቱ ሦስት አራት እጥፍ ነው። ሰውን የሚያስመርረው ግን የትንንሾቹ ፋይል ነው፤ እዚያ ላይ ልዩነቱ መቶ እጥፍና ከዚያ በላይ ይሄዳል።
ደግሞ የጠፋው ሥራሽ ላይጠፋ ይችላል። ኦቶካድ፣ ካልቀየርሽው፣ በየ10 ደቂቃው በራሱ ሴቭ ያደርጋል። ፕሮግራሙ በድንገት ሲወድቅ ያ ፋይል ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ይቀራል። ስሙ የሚያልቀው በኤስ፣ በቪ እና በዶላር ምልክት ነው። መጨረሻውን ወደ ዲደብልዩጂ (የኦቶካድ ፋይል ዓይነት) ቀይረሽ ክፈቺው።

የሦስተኛ ዓመቷ
ጋሼ!!! አገኘሁት። ደረጃው ብቻ ነው የጎደለው። እግዜር ይስጥልኝ።

ፔንግዊን
ይኸው ክርክሩ ተዘጋ። ኤስኤስዲ ገዝታ በዊንዶውስ ፋንታ በነፃ የሚገኘውን ሊኑክስ ሚንት ትጫንበት። ያገለገለም አዲስም አያስፈልጋት። እኔን የሚያናድደኝ ይህ «አሮጌ» የሚባለው ነገር ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 የዊንዶውስ 10 ድጋፍን አቆመ። ካናሊስ የተባለው የገበያ አጥኚ ድርጅት በዚህ ሰበብ 240 ሚሊዮን ገደማ ኮምፒውተር ቆሻሻ ሊሆን ይችላል ብሎ ነበር። ማሽኖቹ እኮ አልተበላሹም። ዳኛ ፈረደባቸው እንጂ።

ብሎን ፈቺው
እዚህ ላይ ከፔንግዊን ጋር ነኝ። ትናንት እንኳ አንድ ባለ 4ኛ ጄኔሬሽን ከፍቼ ነበር። አቧራው ፋኑ ላይ ብርድ ልብስ ሆኗል። ጠረግኩት፣ ፕሮሰሰሩ ላይ የደረቀውን ቴርማል ፔስት (ሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት) ፍቄ አዲስ ቀባሁ፣ ኤስኤስዲ ከተትኩ። ባለቤቱ የኔ አይደለም ብሎ ተከራከረኝ።

ዋስትና ወዳድ
ማይክሮሶፍትም የራሱ ምክንያት አለው። ለዊንዶውስ 11 ቲፒኤም 2.0 (ሚስጥራዊ ቁልፎችን የሚጠብቅ ቺፕ) እና ሴኩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ የታመነ ፕሮግራም ብቻ የሚያስነሳ) የጠየቀው ለደህንነት ነው ይላል። የባንክ ሥራህን የምትሠራበት ማሽን ላይ እሱም ቀላል ነገር አይደለም።

ፔንግዊን
ለደህንነት ከሆነ የዊንዶውስ 10ን ድጋፍ ገንዘብ ለከፈለ ለምን ያራዝማል?

የላብ መምህሩ
ለግል ተጠቃሚ ያለክፍያ የሚገኝበትም መንገድ ነበረ፤ ግን የአንድ ዓመት እፎይታ ነው። ለቀረሽ ትምህርት ማቀጃ አይሆንም።

የሦስተኛ ዓመቷ
ፔንግዊን፣ ሊኑክስ ላይ ኦቶካድ አለ?

ፔንግዊን
ለሊኑክስ የተሠራ የለም። ሊብሬካድ አለ፣ ፍሪካድ አለ...

የሦስተኛ ዓመቷ
መምህሬ የሚቀበለው በኦቶካድ የተሠራ ዲደብልዩጂ ነው።

ዋስትና ወዳድ
ለፔንግዊን ዓላማ ኮርስ ትድገም እንግዲህ 😂

ፔንግዊን
ሳቅ። ግን ችግሩ የሊኑክስ አይደለም፣ አንድ ፕሮግራም ብቻ የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ነው። ለሷ ግን እሺ፣ ተሸነፍኩ።

ብሎን ፈቺው
እኔ እንዲህ በደረጃ ብታደርጊው እላለሁ። መጀመሪያ ኤስኤስዲውን ግዢ፣ ሳታ ይሁን፤ አሮጌው ላይ ግጠሚው። ሁለት ኬብል ነው፣ ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ይህ ገንዘብ አይባክንም፣ ኋላ ነቅለሽ ወደ አዲሱ ትወስጂዋለሽ። አሮጌው ላይ ራም አትጨምሪ፤ ዓይነቱ ዲዲአር3 ነው፣ 8500ው የሚወስደው ዲዲአር4 ነው። ፕሮሰሰር ልቀይር ብለሽም አታስቢ። ያ ሶኬት ከ8ኛ ጄኔሬሽን ጋር አይተዋወቅም፤ ፕሮሰሰር ስትቀይሪ ማዘርቦርድም ራምም መቀየርሽ ነው።
ከዚያ እፎይ ብለሽ ማሽን ፈልጊ። ስትሄጂ መጀመሪያ ባዮስ (ዊንዶውስ ሳይነሳ የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ግቢ። ፓስወርድ ከጠየቀሽ የቀድሞው ድርጅት ዘግቶታል ማለት ነው፤ ጥለሽው ውጪ። ቀጭኑን ኬዝ ተይው፣ ታወሩን ውሰጂ። ነገ ግራፊክስ ካርድ ብትፈልጊ ቀጭኑ ውስጥ የሚገባው አጭር ካርድ ብቻ ነው። ታወሩም ላይ ቢሆን ተጨማሪ የኃይል ኬብል ስለማይኖረው ከማዘርቦርዱ በሚያገኘው 75 ዋት የሚሠራ ካርድ ነው የምትፈልጊው። ራሙ ባለ 16 አንድ ከሚሆን ባለ 8 ሁለት ይሁን፤ ያኔ በሁለት ቻናል ይሠራል። ክዳኑን አስከፍቺ፤ አናቱ ያበጠ ካፓሲተር፣ የተቃጠለ ሽታ ካለ ደህና ሁኑ ብለሽ ሂጂ። ግማሽ ሰዓት እየሠራ ይቆይ። ሻጩ ከተቻኮለ አንቺ አትቸኩዪ።

ዋስትና ወዳድ
ዋናውን ረሳኸው። መመለሻ ቀን፣ በጽሑፍ! «እኔ አለሁ» የሚል ሻጭ የለም ማለት ነው። ያገለገለ ከሆነ አይቀር፣ ከገንዘቧም ላይ ለፓወር ሰፕላይ የሚሆን ታስቀር። ባዶ ኪስ ሆኖ ያገለገለ መግዛት ነው ያቃጠለኝ።

ብሎን ፈቺው
ይህን ፈርሜ እቀበላለሁ።

የሦስተኛ ዓመቷ
ሁለት ሳምንት ሆነኝ፣ ይቅርታ ጠፋሁ። ኤስኤስዲውን ገጠምኩ። ፊቴን መታጠቢያ ጊዜ አጣሁ። እውነቱን ለመናገር ሌላ ማሽን መግዛቱን ልተወው ነበር፤ የዊንዶውስ 11 ነገር ባይኖር እተወው ነበር።
ከሦስት ቀን በፊት ግን አይ5-8500 ታወር ገዛሁ። ባዮሱ ክፍት፣ ሁለት ባለ 8 ራም፣ የ14 ቀን መመለሻ በጽሑፍ። ዊንዶውሱም አክቲቬት የሆነ ነው፤ ፈቃዱ ከማዘርቦርዱ ጋር ስለሆነ ኤስኤስዲውን ባዛውረውም ችግር የለም አሉኝ። አሮጌውን ታናሽ ወንድሜ ሊኑክስ ሚንት ጭኖበት ሊማርበት ነው። ፔንግዊን፣ ደስ ይበልህ።
አንድ ችግር አለ። ሞኒተሬ የድሮው ቪጂኤ መሰኪያ ብቻ ነው ያለው። የማሽኑ ጀርባ ላይ ያለው ደግሞ ሁለት ዲስፕሌይፖርት ብቻ። ሻጩ ጋ በሱ ሞኒተር ነበር ያየነው። ሦስት ቀን ሙሉ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ዓይን ለዓይን እየተያየን ነው።

ዋስትና ወዳድ
እኮ! ሦስቱ ቀን ከ14ቱ ላይ እየተቀነሰ መሆኑን ታውቂያለሽ?

ብሎን ፈቺው
ጥፋቱ የኔ ነው፣ ስለ ሞኒተርሽ ሳልጠይቅሽ። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ቪጂኤ የሚቀይር አዳፕተር ግዢ። ተራ ኬብል እንዳይሸጡልሽ፣ ውስጡ ቺፕ ያለው «አክቲቭ» የሚባለው ነው። ዛሬውኑ ሂጂ። ሲበራ ንገሪን።