የፔድሮ ፓኤዝን «የኢትዮጵያ ታሪክ» ለመመረቂያ ጽሑፍ እንዴት ልጠቀምበት?

ጥያቄ (የታሪክ ተማሪ)፦
ክቡራን አባላት፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ስለነበረው ኢየሱሳዊ (የካቶሊክ ጀስዊት ማኅበር አባል) ካህን ስለ ፔድሮ ፓኤዝ የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አማካሪዬ ግን ፓኤዝ ወገንተኛ ስለሆነ ከእርሱ በኋላ በመጣው ኢየሱሳዊ በማኑኤል ደ አልሜዳ እንድተካው መክረውኛል። ምን ይሻለኛል? ስፔናዊ ሆኖ ሳለ በፖርቱጋልኛ የጻፈውስ ለምንድን ነው? (ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መልስ (የቤተ ክርስቲያን ታሪክ መምህር)፦
የኢየሱሳውያኑ ሚሲዮን በሕንድ ባለችው በጎዋ በኩል በፖርቱጋል ዘውድ ጥበቃ ሥር ስለነበረ የሥራ ቋንቋው ፖርቱጋልኛ ነበር። ወገንተኝነቱን በተመለከተ ግን መነሻውን ይመርምሩ። ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ የቫሌንሲያ (ስፔን) ዶሚኒካዊ መነኩሴ፣ የኢትዮጵያን ምድር ሳይረግጥ በ1610 እና በ1611 ባሳተማቸው መጻሕፍት፣ ኢትዮጵያውያን ከሮም እምነት ያልተለዩ እንደሆኑና የእርሱ ማኅበር መነኮሳት በአገሩ ታላላቅ ገዳማት እንዳሏቸው ጻፈ። ፓኤዝ መጽሐፉን ያዘጋጀው ይህን ለማፍረስ ነው። ስለዚህ የኡሬታን ፈጠራ ሲያጋልጥ እጅግ ይጠቅመናል፤ ስለ ተዋሕዶ እምነት ሲጽፍ ግን ልዩነቱን አጉልቶ ማሳየት ለክርክሩ ያስፈልገው ስለነበር፣ እነዚያን ምዕራፎች በጥንቃቄ ማንበብ ይገባል።

መልስ (የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ)፦
አልሜዳ ራሱ የፓኤዝን ብራና ይዞ የሠራ በመሆኑ በእርሱ ቢተኩት ከፓኤዝ አያመልጡም። የ1660ው የባልታዛር ቴሌዝ መጽሐፍ ደግሞ የአልሜዳ አሕጽሮት ነው። የፓኤዝን ዋና ጽሑፍ ካሚሎ ቤካሪ በ1905 እና በ1906 ሮም ላይ አሳትሞታል፤ በ2011 የወጣ ባለ ሁለት ቅጽ የእንግሊዝኛ ትርጉምም አለ።

ጠያቂው፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ አልሜዳን ጨርሶ ልተወው?

መልስ (የብራና ተመራማሪ)፦
አይተዉት። ፓኤዝ በ1603 ገብቶ በግንቦት 1622 ጎርጎራ ላይ ስላረፈ፣ የካቶሊኩ ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ያመጣውን ብርቱ ጫናና ንጉሡ በ1632 የተዋሕዶን ሃይማኖት እስከ መለሱበት ድረስ የሆነውን አላየም፤ በ1624 የገባው አልሜዳ ግን በሥፍራው ነበር። እስከ 1622 ያለውን ከፓኤዝ ወስደው ከሱስንዮስ ዜና መዋዕል ጋር ያስተያዩት። በእኔ አስተያየት ትልቁ ሀብቱ፣ ሚያዝያ 21 ቀን 1618 በዓይኑ እንዳየው ስለ ግሽ ዓባይ የሰጠው ምስክርነት ከመሆኑ ይልቅ፣ ግእዝ ተምሮ የነገሥታትን ታሪክና የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገድል ተርጉሞ ማስገባቱ ነው። አንዱን ክፍል መርጠው ከግእዙ ጋር ቃል በቃል ቢያነጻጽሩ፣ የት እንደታመነና የት እንዳዘነበለ ለአማካሪዎ በማስረጃ ማሳየት ይችላሉ።