የሳልስበሪ ብርጌድ 2,400 ነበር ወይስ 400?

ጠያቂ፦
በአሜሪካ አብዮት ጦርነት የሰሜን ካሮላይናው ብርጋዴር ራዘርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1776 ቼሮኪዎች ላይ ሲዘምት 2,400 ገደማ ሰው ይዞ ነበር። በ1780 ራምሰርስ ሚል ላይ የተዋጋው ሚሊሻ ግን 400 ገደማ ነው። እሱ የሚያዘው የሳልስበሪ ብርጌድ ተመናምኖ ነው? ካዋንስ ፎርድ ላይስ ወንዝ ይዞ እንዴት ተሸነፈ?

ሰነድ አገላባጭ፦
አልተመናመነም። ብርጌድ ሲባል ካምፕ የገባ ጦር እንዳይመስልህ፤ መዝገብ ነው። ሰሜን ካሮላይና በ1776 በ6 አውራጃ ተከፍላ ለእያንዳንዱ ብርጋዴር ተሾመለት፤ ሳልስበሪ የራዘርፎርድ ሆነ። በሥሩ እንደ ሮዋንና መክለንበርግ ያሉ ካውንቲዎች የየራሳቸው ሬጅመንት ነበራቸው። ሰዉ እርሻው ላይ ነው፤ ክተት ሲታወጅ ተራው የደረሰው ይወጣል፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ3 ወር። ስለዚህ ቁጥሩ የሚነግርህ ያን ጊዜ ስንት ሰው እንደወጣ ብቻ ነው።

ሰኔ 20 ቀን 1780 ራምሰርስ ሚል ላይ ኮሎኔል ፍራንሲስ ሎክ ራዘርፎርድን ሳይጠብቅ 1,300 ገደማ የእንግሊዝ ንጉሥ ደጋፊዎችን ገጠመ። ራዘርፎርድ የደረሰው ካለቀ በኋላ ነው። የደንብ ልብስ ስለሌለ አንዱ ወገን ባርኔጣው ላይ የጥድ ቅጠል፣ ሌላው ነጭ ወረቀት ሰካ። ሳንጃም ስላልነበራቸው ሲጠጋጉ በሰደፍ ተደባደቡ።

ካርታ አንባቢ፦
የካዋንስ ፎርድን ነገር ልጨምር። ራዘርፎርድ ነሐሴ 1780 ካምደን ውጊያ ላይ ተማረከና በቦታው ዊልያም ሊ ዴቪድሰን ተተካ። ካዋንስ ፎርድ የካቶባ ወንዝ መልካ ነው፤ መሻገሪያው መሃል ላይ ለሁለት ይከፈላል፦ የጋሪው መንገድ ቀጥ ብሎ ይሻገራል፣ ግን ጥልቅ ነው፤ የፈረሱ መንገድ ወደ ታች ታጥፎ ይረዝማል፣ ውሃው ግን ይቀላል። ዴቪድሰን ጠላት በቀላሉ መንገድ ይመጣል ብሎ ዋናውን ኃይል የፈረሱ መውጫ ላይ አደረገ፤ ጋሪው ጋ ቃፊር ብቻ ተወ። የካቲት 1 ቀን 1781 ንጋት ላይ የእንግሊዞቹ መንገድ መሪ ወንዙ መሃል ጥሏቸው ጠፋ። መታጠፊያውን ስላላወቁ ቀጥ ብለው ቃፊሩ ላይ ወጡ። ጠመንጃቸውን ሳያጎርሱ፣ ሳንጃ ሰክተው ስለተሻገሩ ዳር እስኪደርሱ መተኮስ አይችሉም ነበር፤ የሚሊሻው ዕድል ያቺው ደቂቃ ነበረች። ዴቪድሰን ተኩስ ሰምቶ ሲደርስ ተመትቶ ሞተ፤ ሰዉም ተበተነ።

ጠያቂ፦
በጊልፎርድ ውጊያ ላይ የመጀመሪያው መስመር የሳልስበሪዎች ነበር?

ሰነድ አገላባጭ፦
አይደለም፤ እዚያ ፊት የቆሙት የበትለርና የኢተን ብርጌዶች ናቸው። ከዴቪድሰን በኋላ ሳልስበሪዎች የመረጡት አዛዥ ደግሞ የደቡብ ካሮላይናው አንድሩ ፒከንስ ነው።